«ማዘር፣ የእርስዎ ቁጥር የለም»

ልጁ ክፋት አልነበረበትም። አዳማ ላይ ልብስ ቤቶች ጎን ለጎን ከተደረደሩበት መንገድ፣ ከአንዱ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ፣ አዲስ የቱርክ ገብቷል» ይላል። ከአቦምሳ የመጣችው መምህርት ስትጠጋ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከእግር እስከ ራሷ አንዴ ቃኛትና «ማዘር፣ የእርስዎ ቁጥር የለም» አላት። ገና ደፉን አልረገጠችም። የቱን ቀሚስ እንደምትፈልግ አልተናገረችም። ለራሷ ትግዛ ለሌላ ሰው እንኳ አልጠየቃትም።

ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት ነው። ልጁ ቢበዛ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። «እህቴ» ሊላት የሚገባ ልጅ «ማዘር» ያላት ወገቧን አይቶ ነው። በከተማ አማርኛ ውፍረት ዕድሜ ይጨምራል፤ ቀጠን ያለች የአርባ ዓመት ሴት በዚያው መንገድ «ቆንጆ»፣ «እህት» እየተባለች ገበያዋን ጨርሳ ትሄዳለች።

ያን ቀን ስድስት ሱቅ አዳርሳለች። የተነገራት ቃል ይለያይ እንጂ ፍቺው አንድ ነበር። አንዷ ሻጭ «ይለጠጣል፣ ሞክሪው» ብላ የላስቲክ ያህል የሚሳብ ቀሚስ ሰጠቻት፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ክንዷ ላይ ቀርቶ ስትታገል «ቀስ በይ፣ እንዳይተረተር» የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ። ሌላው «ሁለት ኤክስ ኤል ነው» ብሎ ያወረደላት ልብስ ዘጠነኛ ክፍል የምታስተምራትን ልጅ የሚያክል ነው። አምስተኛው ሱቅ በልኳ የሆነ ተገኘ፤ ጥቁር፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥ የሆነ፣ ለቅሶ ቤት የሚያስቀምጥ። እሷ የመጣችው ለሠርግ ነው። የታናሽ ወንድሟ ሠርግ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ወደ ማታ ሚኒባስ ላይ ስትወጣ በእጇ የነበረው አንድ ጫማ፣ አንድ ሻርፕና አንድ ቦርሳ ነው። ወፍራም ሴት ከልብስ ገበያ ይዛ የምትመለሰው ዕቃ ሁልጊዜ ይኸው ነው። እግር፣ አንገትና ትከሻ አያሳፍሩም። መንገድ ላይ «ባልሄድስ?» የሚል ሐሳብ መጣባት። ምክንያቱንም አሰናዳች፤ የተማሪዎች ፈተና ነው፣ ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ከለከለኝ ትላለች። የሙሽራው ታላቅ እህት፣ ፎቶ ሲነሱ ከእናቷ ቀጥላ የምትቆመው ሴት፣ ልብስ አጥታ ከወንድሟ ሠርግ ልትቀር። ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ገበያ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሶ ለማያውቅ ሰው ነው።

አቦምሳ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት። መርቲን ብዙ ሰው የሚያውቃት በቲማቲም ድልህ ጣሳ ላይ ነው። በአንድ ወገን የአርባ ጉጉ ተራሮች፣ በሌላው ቁልቁል የአዋሽ ሜዳ፤ በመካከሉ ሙቀት። ልብስ እንደ ደጋው ደርበው የሚሸፍኑበት አገር አይደለም። ልክ የማይጠይቁ ልብሶች ግን ሞልተዋል። አባያ አለ፣ ሺቲ አለ፣ ነጠላ አለ። ሺቲ ለቤት ውስጥ፣ አባያ ለሚለብሱት ለመውጫ፣ ነጠላ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ጥሩ ናቸው። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ ለመቆም፣ ስብሰባ ላይ ለመናገር፣ ሠርግ ላይ ለመጨፈር የሚሆን፣ ሰው አስቦበት በልክ የቆረጠው ልብስ ሲፈለግ ግን ችግሩ ይጀምራል። ሰፊ ጨርቅ በየሱቁ አለ። ለሰፊ ገላ የተሰፋ ልብስ የለም።

ይህ እፍረት ደግሞ ረጅም ዕድሜ የለውም። በአማርኛ «ወፈርሽ!» ማለት ምርቃት የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ «ተመችቶሻል»፣ «ወዝሽ ተመለሰ»፣ «አማረብሽ» ከሚሉት ጋር አንድ ላይ የሚሄድ ቃል ነው። የሚያስደነግጠው «ከሳሽ» ነበር። አራስ ሴት ገንፎና አጥሚት እየተሰጣት አርባ ቀኗን ወይም ሰማንያ ቀኗን ጨርሳ ስትወጣ ካልወፈረች የሚታማው ባሏና አማቷ ነው። የእቴጌ ጣይቱን ፎቶግራፎች የተመለከተ ሰው ሞላ ያለ ገላቸውን በሰፊ ቀሚስና በካባ ከብበው ሲታዩ ሊሸሹት የሞከሩት ነገር እንዳለ አያይም። ልብሱ ከክብራቸው ጋር ተስማምቶ ተቀምጧል።

የድሮው የሐበሻ ቀሚስ በራሱ ብልሃት ነበረው። ወለል ብሎ ይሰፋል፤ ልክ የሚያወጣለት መቀነቱ ነው። ስታረግዝ ትፈታዋለች፣ ስትወልድ ታጠብቀዋለች፣ ስትወፍር ታላላዋለች። ልጅ ሆና የለበሰችውን ሴት አያት ሆናም ልትለብሰው ትችላለች። ዛሬ ሽሮ ሜዳ የሚሰቀለው ግን ሌላ ነው፤ ከጀርባው ዚፕ፣ ከውስጡ ገበር፣ ወገቡ ላይ ጥብቅ፣ ክንዱ ላይ ቀጭን። ያምራል፤ ማንም አይክድም። ግን የሚያምረው አንድ ዓይነት ገላ ላይ ነው። ማስፋቱም እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ቀላል አይደለም። የእጅ ሽመና ስፋቱ የሚወሰነው ሸማኔው መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል በሚችለው ልክ ነው፤ ከአንድ ክንድ ብዙም አይዘልም። ሞላ ላለች ሴት ጨርቁ ተቀጥሎ ነው የሚሰፋው፤ ሲቀጠል ደግሞ ጥለቱ መሐል ለመሐል ካልገጠመ ቀሚሱ ይበላሻል። ስለዚህ ሸማኔው ድሩን ከማድራቱ በፊት ልኳን ማወቅ አለበት። ተሸምኖ ያለቀውን ጎኑን ቀዶ ማስፋት ለሚሊኒየሙ ጥለት እንኳ አይሆንለትም። ብዙዎቹ ግን ለበዓል ሦስት ቀን ሲቀር ሄደው «የምታሰፉልኝ» ይላሉ፤ ሻጩም ነጭ ሻሽ የመሰለ ቁራጭ ጎንና ጎኑ ላይ ይለጥፍላቸዋል።

«በኢትዮጵያ ስንት ወፍራም ሰው አለና ነው?» የሚል ይኖራል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው ዳሰሳ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016ቱ 8 ሆኑ። በከተማ ብቻ ሲታይ ደግሞ ከመቶ 21። በከተማ ከአምስት ሴት አንዷ ማለት ነው። ከአምስት ደንበኛ አንዷን ከደጃፍ የሚመልስ ነጋዴ በሌላ ሸቀጥ ቢሆን ኖሮ ከስሮ ይዘጋ ነበር። በልብስ ግን አይዘጋም፤ ምክንያቱም የተመለሰችው ሴት ጥፋቱን ሱቁ ላይ አታስቀምጥም፣ ራሷ ላይ ነው የምታስቀምጠው። «ከስቼ እመጣለሁ» ብላ ትሄዳለች።

ነገሩን ሁሉ ያጣመመው ይሄ ነው። ልብስ ሰፊ ፊት የቆመ ሰው ሲለካ ልብሱ ነው ወደ ሰውየው የሚመጣው። ሱቅ ውስጥ ግን ሰውየው ወደ ቁጥሩ ይሄዳል። ቁጥሩ አልገባ ሲል ተሳሳተ የሚባለው ገላው ነው። ቁጥሩ ግን ከየት መጣ?

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የሴት ልብስ ቁጥር ለማውጣት አስበው ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን በየአንዳንዷ ገላ ላይ 59 ቦታ ለኩ። የለካው የግብርና መሥሪያ ቤታቸው ነው። ነጭ ያልሆኑት ሴቶች ልክ ከስሌቱ እንዲወጣ ተደረገ። ብዙ ዘመን የሠራው የአሜሪካ የሴቶች ቁጥር የተነሣው ከዚያ ነው። ዛሬ አዳማ ላይ የሚሰቀለው ልብስ አብዛኛው የሚመጣው ደግሞ ከቻይናና ከቱርክ ነው፤ ቻይና ለራሷ ሰው ብላ የምትሰፋው ኤክስ ኤል በአሜሪካ ሚዛን መካከለኛ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የአቦምሳ ሴት ዳሌ፣ የአርሲ ሴት ቁመት በአንዱም መዝገብ ላይ የለም። በሌላ ሰው አገር፣ በሌላ ሰው አማካይ የተሰፋ ልብስ ነው እዚህ መጥቶ «የእርስዎ ቁጥር የለም» የሚያሰኘው።

ከዚያ በፊት ደግሞ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሊና ሂመልስታይን የምትባል ከሊቱዌኒያ ተሰዳ ኒውዮርክ የገባች ሴት፣ ባሏ ሞቶባት ልጇን በስፌት የምታሳድግ። እ.ኤ.አ. በ1904 ሱቅ ከፈተች፤ ባንክ ቤት ስሟ በስህተት «ሌን» ተብሎ ተጻፈና ሌን ብራያንት ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ የታወቀችው እርጉዞች ለብሰውት መንገድ ላይ የሚወጡበትን ቀሚስ በመስፋት ነው። በኋላ ወፍራም ሴቶች ደጋግመው ሲመጡባት መሐንዲስ ከነበረው ሁለተኛ ባሏ ጋር 4,500 ያህል ደንበኞቿን ለካች፤ ከአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያም የ200,000 ሴቶችን ልክ አገኘች። ውጤቱን ሲያዩት ወፍራም ገላ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዷ ከላይ ትወፍራለች፣ ሌላዋ ከታች፣ ሌላዋ ወጥ ናት። ለእያንዳንዷ የተለየ አቆራረጥ አወጡ። በ1920ዎቹ ለወፍራም ሴቶች የምትሸጠው ልብስ ከእርጉዞቹ በለጠ። ዛሬ ፕላስ ሳይዝ የሚባለው ንግድ አንዱ ትልቅ መነሻ አንዲት ልብስ ሰፊ በሜትሯ የሰበሰበችው ቁጥር ነው።

አቦምሳ ላይ ከሱቅ ሌላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሳልባጅ ነው። ቦንዳ በሚፈታበት ጠዋት ቀድመው የሚደርሱት ሴቶች እነማን እንደሆኑ ሻጮቹ ያውቃሉ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወፍራም ሴቶች ቁም ሣጥን የወጣ፣ ቁጥሩ 20 እና 22፣ ወይም 48 እና 50 የሆነ፣ ብብቱ በሥርዓት የተቆረጠ፣ ደረቱ ላይ ፔንስ ያለው ሸሚዝ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። መምህርቷ ክፍል ገብታ የምታስተምርባቸው ሁለት ሸሚዞች ከዚያ የተገኙ ናቸው። አንደኛው ኮሌታው ላይ የማታውቃት ሴት ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።

ልባሽ ጨርቅ ግን ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው። የጉምሩክ ኮሚሽን ያዝኩ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ «አዳዲስና ልባሽ ጨርቅ» የሚል ሐረግ ጠፍቶ አያውቅም። የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጤናም አለበት፣ የአገር ውስጥ ፋብሪካን መጠበቅም አለበት። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በ2016 በልባሽ ልብስ ላይ ቀረጥ ስትቆልል ያቀረበችው ምክንያት ይኸው ነው፤ አሜሪካም ተቆጥታ በ2018 ከቀረጥ ነፃ የልብስ ዕድሏን አግዳባታለች። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አንድ የሚዘነጋ ሰው አለ። ሳልባጁ ሲያዝ ቀጭኗ ሴት የሚቀርባት ርካሽ ልብስ ነው፤ ሱቅ ሄዳ ውዱን ትገዛለች። ወፍራሟ የሚቀርባት ልብስ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የሱቁም ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል።

የሚጠበቀው የአገር ውስጥ ፋብሪካስ ምን ይሰፋል? የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 መጀመሪያ ላይ ተመረቀ፤ መምህርቷ ስድስት ሱቅ ካዳረሰችበት መንገድ የባጃጅ ጉዞ ነው። የሐዋሳው ቀድሞ በ2008 ሐምሌ ተመርቋል፤ ዋናው ተከራይ የነበረው ፒቪኤች የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ነው። እነዚህ ፓርኮች የተሠሩት ለውጭ ገበያ ነው። በኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች እጅ፣ በኢትዮጵያ መብራት፣ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገላ የሚሆን ልብስ እየተሰፋ በኮንቴይነር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ከዚያ ተለብሶ፣ ተጥሎ፣ በቦንዳ ታስሮ በኮንትሮባንድ ሲመለስ አቦምሳ ላይ ይገኛል። በኅዳር 2014 ፒቪኤች ለቆ ሄደ፤ ከአንድ ወር በኋላ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ያኔ «ለአገር ውስጥ ገበያም እንስፋ» የሚል ወሬ በረከተ። ጥሩ ወሬ ነው፤ የማንን ልክ ይዘው እንደሚሰፉ ግን የጠየቀ ሰው እምብዛም አልተሰማም። ገዢው በላከው ቁጥር ሲሰፋ የኖረ ፋብሪካ የራሱ አገር ሴት ወገብ ስንት እንደሆነ ከየት ያውቃል?

ዲዛይነሮቹም ቢሆኑ ሩቅ አይደሉም ከዚህ ጥያቄ። የገነት ከበደ ትውልድ የአገር ጨርቅን ወደ ዘመናዊ ልብስ አመጣ፤ ሳራ መሐመድ ኔክስት ዲዛይን ኮሌጅን ከፍታ ብዙ ወጣት አስተማረች፤ ፍቅርተ አዲስ በ«የፍቅር»፣ ማሕሌት አፈወርቅ በ«ማፊ ማፊ» ሽመናውን ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ አወጡት። ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ሎደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ፊት ሆነች፣ በ2007 ደግሞ ለሸማኔዎች ሥራ ይሁን ብላ «ለምለም»ን መሠረተች። ትልቅ ሥራ ነው ሁሉም። ግን መድረኩ ላይ የምትራመደው ልጅ ሁልጊዜ አንድ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ ዘለግ ያለ። የናሙና ልብስ በእሷ ልክ ይቆረጣል፤ ሥዕሉም በእሷ ልክ ይሣላል። ዓለም የኢትዮጵያን ገላ የሚያውቀው ቀጭን አድርጎ ብቻ ነው፤ አንድም በሞዴሎቿ፣ አንድም በ1977ቱ ረሃብ ፎቶግራፎች። በሁለቱ መካከል ያለችው፣ ጠግባ የምታድረው፣ ሁለት ልጅ የወለደችው፣ ደመወዟን ተቀብላ ልብስ ልትገዛ የወጣችው ሴት ፎቶ የላትም።

አዲስ አበባ ላይ «ፕላስ ሳይዝ» ብለው በቴሌግራም የሚሸጡ ሱቆች ተከፍተዋል፤ እሰየው ነው። «እስከ 5 ኤክስ ኤል አለን» የሚለው ጽሑፍ በላዩ ላይ የተለጠፈበትን ፎቶ ማየት ግን ያስቃል፤ ቀሚሱን የለበሰችው ልጅ እንደ ሸንበቆ ናት። ዋጋውም ለመምህር አይቀመስም። ለአቦምሳ ሰው ደግሞ ሳይሞክሩ መግዛት ነው፣ አልሆነም ብሎ መመለስ የለም።

ወንዶቹ በዚህ ሁሉ ውስጥ እንዴት እንዳመለጡ ማሰብ ደግ ነው። ቦርጭ ያወጣ ሰው «ኢንቨስተር መስለሃል» ይባላል። ቀበቶውን ከቦርጩ በታች አስሮ ሸሚዙን ለቀቅ አድርጎ ስብሰባ ይመራል። ሱሪው ቢጠበው ሰፊው ከኋላ ይለቅለታል፤ የወንድ ሱሪ ከኋላ ስፌቱ ላይ ለዚሁ ተብሎ ትርፍ ጨርቅ ይተውለታል። የሴት ልብስ ግን በተለይ የሱቁ ጫፉ በኦቨርሎክ ተበልቶ ያለቀ ነው፤ ቢፈቱት የሚለቀቅ ነገር የለውም።

«ለወፍራም ልብስ ማብዛት ውፍረትን ማበረታታት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሐኪሞች ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት እውነት ናቸው፤ ማንም አይቀልድባቸውም። መምህርቷም ጤና ጣቢያ «ተንቀሳቀሺ» ተብላለች። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በጠዋት የእግር ጉዞ ልትጀምር ተስማማች። ቱታ ፈለገች። የሴት ቱታ በልኳ የለም፤ የወንዱን ስትለካ ዳሌዋ ላይ አልወጣም፤ ቀሚስ ለብሳ ለመራመድ ሞከረች፣ በዚያ ሙቀት ጭኗ ተፋፍቆ ቆሰለ። በአራተኛው ቀን ቀረች። ለመክሳትም ልብስ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ለአንድ በዓል ለመምህራን ሁሉ ቲሸርት ሲያሳትም «ኤል» ብቻ አሳትሞ የእሷን በእጇ ይዛ ፎቶ ተነሥታለች፤ ከዚያ ወዲህ ቲሸርት የሚታደልበት ቀን ራስ ምታት ይይዛታል።

ሁለተኛው የአቦምሳ መንገድ በረንዳ ላይ ሲንገሩን ዘርግቶ የሚውለው ሰፊ ነው። ከስድሳ አልፏል። በሥራው የሚገባበት ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ነው፤ ሰው ልብስ ከሱቅ መግዛት ከጀመረ ወዲህ ሙሉ ቀሚስ የሚያሰፋ ጥቂት ነው። መምህርቷ ከአዳማ በተመለሰች ማግስት ጫማዋንና ሻርፗን ይዛ ሄደች። ከቀለማቸው ጋር የሚሄድ ጨርቅ ፈልጋ ነው እንጂ ቀሚስ ይሆናል ብላ ተስፋ አልነበራትም።

«ጋሼ፣ ለዚህ ሻርፕ የሚሆን ነገር ይሰፋልኛል?» አለችው።

«ስንት ቀን አለሽ፣ ቲቸር?»

«አሥራ ሁለት።»

«ይበቃል። አራት ሜትር ግዢ። ፖሊስተር እንዳታመጪ፣ ትጋያለሽ። ደግሞ ጥቁር እንዳታመጪ።»

ሲለካት ያላት ነገር ይጠቀሳል። ቀጭኑን ልብስ በእኩል ማስፋት ለወፍራም ሰው አይሆንም አላት። ወፍራም ሰው ማለት የተነፋ ቀጭን ሰው አይደለም። ሆድና ደረት ሲጨምር ትከሻ አብሮ አይጨምርም፤ ሱቁ ግን ሁሉንም እኩል ያሰፋዋል፣ ስለዚህ አንገቱ ይንሸራተታል፣ ትከሻው ክንድ ላይ ይወርዳል፣ ብብቱ ግን አሁንም ያንቃል። ከፊት ከጀርባው ሦስት አራት ሳንቲም መርዘም አለበት፤ አለዚያ ሆድ ያነሣውና ጫፉ ከፊት አጥሮ ይታያል። ክንዱን ከላይ ሰፋ፣ ከክርን በታች ጠበብ። ፔንሱ ደግሞ ሁለት ነው፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ከታች። ይህን ሲናገር ሜትሩ በአንገቱ ላይ ነው፤ ከጆሮው ላይ እርሳስ አውርዶ ቁጥሩን በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋል።

ደብተሩ አሥራ ሁለተኛው ነው። የቀሩት አሥራ አንዱ በላስቲክ ተጠቅልለው ከማሽኑ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ስም፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት፣ ክንድ። አንዳንዷ ሴት ሦስት አራት ቦታ ላይ አለች፤ ልጅ ሆና፣ ስታገባ፣ ከወለደች በኋላ። የመምህርቷ እናት በአራተኛው ደብተር ላይ አለች። ለዚህ ከተማ ሴቶች ቁጥር ላውጣ የሚል ዲዛይነር ወይም ፋብሪካ ቢመጣ ከዚያ ካርቶን ሌላ የሚያየው ነገር የለም። ሰፊው እንደዚያ አያየውም። አንድ ሰው ያለሠራው ልብስ ተሸክሞ ሲመጣበት እንዳይከራከር ብሎ ነው የሚጽፈው። ሥራ እየለመደ የነበረው ልጅ ባለፈው ዓመት ባጃጅ ጀምሯል።

ቀሚሱ በአሥረኛው ቀን አለቀ፤ አረንጓዴ ጥጥ፣ አንገቱ ላይ ከሻርፑ ጋር የሚሄድ ቀጭን ጠርዝ። ለመጨረሻ ጊዜ ስትሞክረው እጆቿን ወደ ላይ እንድታነሣ አዘዛት። አነሣች፤ አልያዛትም። «እንደ ጭፈራ አድርጊ» አላት። አሳፈራትና ሳቀች፤ ግን በረንዳው ላይ ትከሻዋን ሁለቴ መታ መታ አደረገች። ሰፊው ጎንበስ ብሎ የጎኑን ስፌት ገልብጦ አሳያት፤ ሦስት ጣት ትርፍ ተተውቷል።

«ብትወልጂም ይለቀቃል፤ ብትከሺም ይገባል» አላት። «ይዘሽው ነይ እንጂ አትጣይው።»